የዳኛው መንፈስ በካልሲ

ዳኛውን የገደለችው ሚስቱ ናት። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ምሳውን በልቶ ሬዲዮ የከፈተ ሕዝብ ሁሉ እየሰማት። መሣሪያዋ ድንች የሞላ ጆንያ ነበር። ጆንያውን ከጠረጴዛ ጫፍ ወደ ጣውላው ለቀቀችው፤ ጣውላው «ዷ!» አለ፤ አንድ ድንችም ከጆንያው አፍ አምልጦ እየተንከባለለ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ሰሚው ድንች መሆኑን በምን ያውቃል? ከደረጃ ላይ የወደቀ የሽማግሌ ጭንቅላት መስሎት ስንቱ ማንኪያውን ጣለ።

ሥራዋ ነው፤ አይፈረድባትም። በሬዲዮ ጣቢያው የቀትር ድራማ ውስጥ ድምፅ የምትሠራው እሷ ናት። በር የምታንኳኳው፣ ዝናብ የምታዘንበው፣ ሰው በሰው ላይ ሲቆጣ ሰሃን የምትሰብረው እሷ ናት። የተዋናዩ ሁሉ እርምጃ የሚወጣው ከሷ እጅና እግር ስለሆነ ባልደረቦቿ «ኮቴ» ብለው ይጠሯታል፤ ከጊዜ ብዛት እሷም እናቷ ያወጡላትን ስም ሲጠሯት ዞር ማለት ትታለች። ዳኛው ደግሞ ባሏ ነው። በድራማው ውስጥ ጡረታ የወጣ ዳኛ ሆኖ ዘመናት ከመጫወቱ የተነሳ የሰፈሩ ልጅ ሳይቀር «ጋሽ ዳኛው» ነበር የሚለው። እሱም ቢሆን ስሙን ወዶት ነበር፤ ቤት ውስጥ ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ቀምሶ ብይን ይሰጣል።

ዳኛው በድራማው ቤት ውስጥ የማይፈርደው ነገር አልነበረም። የጎረቤት ውሻ ለምን ጮኸ፣ ልጅቷ ለምን አመሸች፣ መስኮቱ ለምን ተከፈተ፤ ሁሉም በሱ ችሎት ያልፋል። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት በከዘራው ወለሉን ሁለት ጊዜ ይመታል፣ «ኳ! ኳ!»፤ ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እህህም!»። ጉሮሮው የሱ ነበር፤ ከዘራው ግን የኮቴ፣ ያውም ከዘራ ሳይሆን የተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት። እሷ ጥጓ ውስጥ ሆና ትመታለች፣ እሱ ማይክሮፎኑ ጋ ሆኖ ይመልስላታል። አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ከነሱ ትዳር ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ የሚሄደው ነገር እሱ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ለምን ሞተ? ምላሱ ነው የገደለው። ድራማውን የሚጽፈውም የሚያዘጋጀውም አንድ ልጅ እግር ሰውዬ ነው፤ ጣቱን ከግድግዳው ሰዓት ላይ ስለማያወርድ «ሰዓቱ» ይሉታል። ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ «ዳኛው፦ ተስማምቻለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ዳኛው በቀጥታ ስርጭት ጉሮሮውን ጠርጎ «አልተስማማሁም» ይላል። በቃ፣ ታሪኩ አቅጣጫውን ይስታል፤ የተጻፈው ሁሉ ገደል ይገባል፤ ሰዓቱ ጨጓራው እየተላጠ የነገውን እንደገና ይጽፋል። ይህ ነገር አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። በመጨረሻ አንድ ቀን ስርጭቱ ሊጀመር ሲል አዲስ ወረቀት አደለ። ዳኛው አነበበ፤ መሞቱን አወቀ። ቀና ብሎም ሚስቱን አያት። ሚስቱ ድንቹን እያየች ነበር።

ያን ዕለት ቤት ሲገቡ «አንቺ ነሽ የጣልሽኝ» አላት።

«ሥራዬ ነው! ምን ላድርግ? ጆንያውን አቅፌ ልቀመጥ?»

«አንድ ቃል መናገር አቃተሽ።»

እውነቱን ነው፤ አቅቷት ነበር። ዝም ያለችው ሥራዋን እንዳታጣ ስለፈራች ነው፤ ይህን ደግሞ ለሱ ማመን ሞት ሆነባት። «አንተስ ምላስህን መሰብሰብ አቃተህ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ዳኛው ሬዲዮኑን በፎጣ ሸፈነው፣ «በዚህ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም» ብሎ የመጨረሻ ፍርዱን ሰጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ባልና ሚስት ሆድና ጀርባ ሆኑ። ኮቴ ከሥራ ስትመለስ የምታወራው ከጀርባ ጋር ነው፤ ጀርባ ደግሞ ወሬ አይመልስም።

ስቱዲዮው ያለ ዳኛው ሥራውን ቀጠለ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ወፍራም ስፖንጅ ለብሷል፤ መሃል ላይ ሁለት ማይክሮፎን የተተከለበት ክብ ጠረጴዛ አለ። በጥጉ የኮቴ ንብረት ተኮልኩሏል፦ ጠጠር የሞላ ትሪ፣ ግድግዳ የሌላት ብቻዋን የቆመች ትንሽ በር፣ ብርጭቆና ማንቆርቆሪያ፣ የዳኛው የሚባል፣ በተቀመጡበት ቁጥር የሚያቃስት አሮጌ ወንበር። በዚያ ክፍል አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ማንም ሰው በጫማው አይገባም። አየር ላይ የሚሰማው እርምጃ ኮቴ የሠራችው ብቻ መሆን ስላለበት፣ ሁሉም ጫማውን ኮሪደሩ ላይ ካለው መደርደሪያ አስቀምጦ በካልሲ ይገባል። በሬዲዮ የምታስለቅሰው እመቤት ወይን ጠጅ የሱፍ ካልሲ አድርጋ፣ አስፈሪው አዘጋጅ አውራ ጣቱ በቀዳዳ ብቅ ብሎ ብታዩ ድራማውን ሁለተኛ አታምኑትም። በመደርደሪያው ላይ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። የዳኛው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ሰዓቱ እንኳ ደፍሮ ምንም አላስቀመጠበትም።

መንፈሱ የመጣው ሟች ከተቀበረ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ሰዓቱ ለዳኛው ሚስት፣ ለድራማዋ ሚስት ማለት ነው፣ ሀብታም ጎረቤት ጻፈላት። ሀብታሙን ማን ይጫወተው ሲባል ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ» አለ። ሚስቲቱን የምትጫወተው ደግሞ ዕድሜዋን ለማንም የማትናገር፣ አነጋገሯ የተከበረ፣ ሁሉም «እሜቴ» የሚሏት አንጋፋ ተዋናይ ናት። በዚያ ሰኞ ሀብታሙ ጎረቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋብቻ ጠየቃት።

«ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» አለ ሰዓቱ ድምፁን አወፍሮ።

ኮቴ በዚያች ቅጽበት በቀኝ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በግራዋ ብርጭቆ ይዛ ውሃ እየቀዳች ነበር። እሜቴ ልትተነፍስ አፏን ስትከፍት፣ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «ኳ! ኳ!» አለ።

ውሃው ከብርጭቆው አልፎ የኮቴን ካልሲ አራሰው። ሰዓቱ ፊቱ ነጭ ሆነ። ከመስታወቱ ማዶ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ቴክኒሻን፣ በዓመት ሁለት ቃል የማይናገረው፣ ብድግ ብሎ ቆመ። ድራማው እንደምንም ተንገዳግዶ አለቀና ስልኩ ይጮህ ጀመር። «ዳኛው አልፈቀደም!» ትላለች አንዷ። «እኔ ድሮም በድንች አይሞትም ብያለሁ» ይላል ሌላው፤ ድንቹን ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ እንደዚያ ስልክ ሲጮህ ሰምተው ስለማያውቁ ቃጠሎ የተነሳ መስሏቸው ወርደው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ይቀጥል!» ብለው ወጡ።

ረቡዕ መንፈሱ ጉሮሮ አወጣ። ሀብታሙ ጎረቤት የእሜቴን እጅ ሊይዝ ሲል፣ በጆሮ ማዳመጫው ሁሉ፣ በየቤቱ ሬዲዮ ሁሉ፣ «እህህም!» ተሰማ።

አሁን የኮቴ ቀልብ ተገፈፈ። ከዘራውስ ይሁን፣ እንጨት እንጨት ነው። በዚያ ጉሮሮ ግን ማንም አይሸውዳትም፤ አጠገቡ እየተኛች ያረጀች ሴት ናት። ውጭ ዝናብ ዶፉን እየጣለ ነበር። እየሮጠች ቤቷ ደረሰች። ባሏ እንደተለመደው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። አጎንብሳ አልጋ ሥር የተቀመጠውን ጫማውን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ካፖርቱን አሸተተች፤ የዝናብ ሽታ የለውም። ታዲያ ሰውየው ከዚህ ካልተነሳ ጉሮሮው ብቻውን ነው ሥራ የሄደው? አንድ ነገር ብቻ ቅር አላት። የሬዲዮኑ ፎጣ ጠዋት ከነበረበት ትንሽ ዘወር ብሏል።

«አንተ ነህ አይደል?» አለችው ለጀርባው።

ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፁን አሰማት። «የሞተ ሰው ካልጠሩት አይመጣም» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

በሚቀጥለው ሳምንት መንፈሱ ጠፋ። ስልኩም ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አስጠርተው «ምነው ቀዘቀዘ?» አሉት። በማግስቱ እሜቴ ብቻዋን ለሟች ባሏ ፎቶግራፍ በምትናገርበት ረጅም ንግግር መሃል፣ የዳኛው አሮጌ ወንበር «እእእጥጥ» ብሎ አቃሰተ፤ ሰው ተደላድሎ የተቀመጠበት ይመስል። እሜቴ ራሷ ጮኸች፤ በወረቀቱ ላይ ያልነበረ የእውነት ጩኸት። ያን ዕለት ግን ስልኩ ሌላ ሆነ። ልጆቻችን አልተኛ አሉ የሚል መጣ። ሽንት ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው ቤታችን ጠፋ የሚል መጣ። ሥራ አስኪያጁም እንደ ሥራ አስኪያጅ ወግ ቃላቸውን ዓጠፉ። «ይህን የሚያደርግ ሰው ይገኝ። ሲገኝም ይባረር!»

ሰዓቱ ከቢሮው ሲመለስ በቀጥታ ወደ ኮቴ ጥግ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«ድምፅ የማን ሥራ ነው?» አላት።

«የኔ።»

«ሟችስ የማን ባል ነው?»

«እኔ አልነካሁም! እጄ ላይ ማንቆርቆሪያ ነበር፣ በዓይንህ አይተሃል!»

«ዓርብ ሠርጉ ነው። ሥራ አስኪያጁ መስታወቱ ጋ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። እስከዚያ መንፈሱን አግኝልኝ፤ ካላገኘሽና አንድ ነገር ኳ ካለ የምትወጪው አንቺ ነሽ። አፌን ሞልቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

ኮቴ ተናደደች፤ ከንዴቱ ግን ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። ባል ሞቶባት፣ ሥራ ሞቶባት እንዴት ትኖራለች? ያ ጠጠር፣ ያቺ ግድግዳ የሌላት በር የሷ ናቸው። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ብታውቅም አትፈልግም። ቁጭ ብላ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ሰኞ የመታው ማን ነው ስትል ቴክኒሻኑ ከመስታወት ማዶ ስለነበረ ነጻ ነው። ረቡዕ ጉሮሮው ሲሰማ እሜቴ ሴት ናት፣ ነጻ ናት። ወንበሩ ሲያቃስት እሜቴ ራሷ ጮኻለች፣ ቴክኒሻኑም ማዶ ነበር። ሰዓቱም ሰኞ ፊቱ ነጭ ሆኖ በዓይኗ አይታዋለች። ሁሉም አንድ አንድ ቀን ነጻ ይሆንባታል። እንዲህ እያለች ብትቆጥር ጥፋተኛ የሚሆነው የሞተው ሰው ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ አንድ ተንኮል መጣላት። ምንም የማታውቀውን ነገር እንዳወቀች ሆና ሁሉንም ትነግራቸዋለች፤ የደነገጠው ሰው እሱ ነው። አለቀ።

መጀመሪያ ገመድ እየጠቀለለ ወደነበረው ቴክኒሻን ሄደች። ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ «አንተ መሆንህን አውቄያለሁ። ለማንም አልናገርም» አለችው።

ሰውየው ገመዱን እንደያዘ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። «የረቡዕን ብቻ ነው እትዬ! እናቴ ትሙት፣ የረቡዕን ብቻ!»

«ጉሮሮውን?»

«ከድሮ ቴፕ ነው። ጋሼ ከሄዱ ወዲህ ማሽኑ ላይ ስቀመጥ እንቅልፌ ይመጣል። እሳቸው ሲኖሩ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ አይታወቅም ነበር፤ ልቤን ሰቅዬ ነበር የማዳምጠው። አሁን ሁሉም ሰው የተጻፈለትን ያነባል።» በሕይወቱ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም፤ ሲጨርስ ትንፋሽ አጠረው።

«የሰኞውስ?»

«የሰኞው ጊዜ እኔም ደንግጬ ሻዬን ደፋሁ!»

ኮቴ ግራ ተጋባች። መንፈስ ይዛለች፤ ግን መንፈሱ ሙሉ አይደለም። ወደ እሜቴ ሄደች። እሜቴ ለሬዲዮ ከንፈሯን ቀለም እየቀባች ነበር፤ ያለሱ ድምፄ አይወጣም ትላለች።

«እሜቴ፣ እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ። ለማንም አልናገርም።»

ቀለሙ ከከንፈር ወደ ጉንጭ ሄደ። እሜቴ በሩን አየች፣ መስታወቱን አየች፣ ከዚያ ቀለበቷን ጣቷ ላይ አዙራ ጠረጴዛውን ከሥር ሁለት ጊዜ መታችው። «ምን ላድርግ ልጄ? ያን ውርጋጥ እንዳገባ ይፈረድብኛል? እናቱ እሆናለሁ እኮ! ባልሽ ቢሆን ኖሮ አልተስማማሁም ይልልኝ ነበር። የሚልልኝ ሳጣ እኔው አልኩት።» ትንሽ አሰበችና «ወንበሩን ግን አልነካሁም፤ በዚያ ወንበር ጉዳይ ሦስት ቀን መብራት አላጠፋሁም» አለች።

ሰዓቱን ኮቴ ልትፈትነው አላሰበችም ነበር። የሄደችው ጥቂት ቀን ጨምርልኝ ልትለው ነው። ግን ያች አረፍተ ነገር ምላሷን ለምዳዋለች፤ ገና በሩን ስትከፍት አመለጠቻት። «አንተ መሆንህን አውቄያለሁ።»

ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ማየት ረሳ። ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ማን ነገረሽ?»

«ወንበሩ» አለች ኮቴ። ሌላ ምን ትበል?

«በእግሬ ጫን ነው ያደረግኩት። በእግር ጣቴ ብቻ። ሥራ አስኪያጁ ምነው ቀዘቀዘ አሉኝ፤ ታዲያ ከየት ላምጣ?»

«እና እኔን ለምን ታባርረኛለህ? አንተ ጉደኛ!»

«አንድ ሰው መባረር አለበት። እኔ ብባረር ማን ይጽፋል?» አለ፤ ይህን ሲል እንኳ አላፈረም። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ስሚኝ፤ የሰኞውንና የረቡዑን ያደረጉትን ካወቅሽ ንገሪያቸው፤ ሁላችንም እጃችንን እንሰብስብ። ዓርብ ምንም ካልተሰማ ነገሩ ይረሳል፤ አንቺም ሥራሽ ላይ ነሽ። ከተሰማ ግን እክዳለሁ። ሰው ሁሉ ድምፅ ሲሰማ የሚያየው ወደ አንቺ ጥግ ነው።»

ይህ እውነት ስለሆነ ኮቴ ተስማማች። ሦስቱን አገናኝታ አንዱ የሌላውን ሲሰማ እሜቴም ተስማማች፣ ቴክኒሻኑም። መንፈሱ በስምምነት ተቀበረ።

ዓርብ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለጀርባው ሁሉንም ነገረችው። የእሜቴን ቀለበት፣ የቴክኒሻኑን ቴፕ፣ የዚያን ልጅ እግር። ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር። «ዛሬ ታገባለች፤ ከዚያ በቃ» አለችው። «ሦስቱም ጥፋተኛ ናቸው። እጇ ንጹሕ የሆነው ሚስትህ ብቻ ናት።»

ትልቁ ትከሻው ከብርድ ልብሱ ሥር ዝቅ አለ። ኮቴ በመንገዷ ሁሉ ያ ትከሻ ከዓይኗ አልጠፋም። አንጀቷን በላት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ቀትር ሆነ። ጫማዎቹ መደርደሪያው ላይ ተሰለፉ፤ በሩ ተዘጋ፤ ቀዩ መብራት በራ። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ማዶ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ቴክኒሻኑ አጠገባቸው ሆኖ፣ ማሽኑን መንካት ሲገባው እንኳ እየፈራ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ይዟል። እሜቴ ቀለበቷን አውልቃለች። ሰዓቱ ማንም እንዳይነካው የዳኛውን ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ፣ ሁለት እግሩን ላዩ ላይ አውጥቶ ተቀምጦባቸዋል። ድራማው ሄደ፤ ኮቴ የሠርግ እንግዶችን በጠጠሯ ላይ አስገባች፤ ብርጭቆ አጋጨች። ሀብታሙ ጎረቤት ወደ መጨረሻዋ ቃሉ ደረሰ።

«እንግዲህ እሺ በይኝ።»

እሜቴ «እሺ» ማለት ነበረባት። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እሜቴ ግን ዝም አለች። ወደ መስታወቱ አየች፤ ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለቱም ወደ ሰዓቱ እግር አዩ። እያንዳንዱ የሌላውን መንፈስ ይጠብቃል። በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየታክሲው ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ እንደሚጠብቅ ኮቴ አወቀች። ያኔ ነው የገባት።

ሁሉም ጠርተውታል። እሜቴ ጠርታዋለች፤ በዓመት ሁለት ቃል የማይወጣው ሰውዬ ጠርቶታል፤ የገደለው ልጅ እንኳ በእግሩ ጣት ጠርቶታል። እሷ ግን እጄ ንጹሕ ነው ብላ ነገረችው። ያን እንደ ምሥራች ነገረችው! ኮቴ አፈረች፤ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

የመጥረጊያው እንጨት ጥጉ ላይ ተደግፎ ነበር። አነሳችው። ሰዓቱ አይቷት ዓይኑ ፈጠጠ፤ በሁለት እጁ «ተይ! ተይ!» አላት። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሱ። ኮቴ ሁሉም እያያት፣ ክንዷን ከፍ አድርጋ፣ ጣውላውን ሁለት ጊዜ መታችው።

«ኳ! ኳ!»

ከዚያ የጉሮሮው ተራ መጣ። ዘመን ሙሉ ሁልጊዜ የሚሞላው ቦታ ባዶውን ቀረ። ኮቴ እንጨቱን እንደያዘች ቆመች። ሥራዬን አጣሁ ብላ አሰበች፤ የሚገርመው አላዘነችም። የቆጫት የሚመልስላት አለመኖሩ ብቻ ነበር።

«እህህም!»

ሁሉም ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። ቴክኒሻኑ እጁ አሁንም አየር ላይ ነው። ጉሮሮው ከማሽኑ አልመጣም። የስቱዲዮው ወፍራም በር ሳይሰማቸው ገርበብ ብሎ ነበር፤ አሁን በቀስታ ተከፈተና ዳኛው ገባ፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ በግራጫ ካልሲ። እየተንጎማለለ ሄዶ ማይክሮፎኑ ጋ ቆመ።

እሜቴ ሙያተኛ ናት፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ እያለ ቃል አላጣችም። «ዳኛው! አንተ ሞተህ ተቀብረህ የለም እንዴ?»

«ይግባኝ ብያለሁ» አለ ዳኛው።

ሰዓቱ ወረቀቱን ቢገለብጥ የሚያድነው መስመር የለም። «እኔስ? ሠርጉስ?» አለ፤ ድምፁም የሀብታም መሆኑን ረስቶ ቀጠነ።

«ሠርጉን አልተስማማሁም። ያንተን ጉዳይ ገና እናየዋለን፤ እስከዚያው ግን እግርህን ከወንበሬ ላይ አውርድ።»

ሰዓቱ አወረደ። ወንበሩ አቃሰተ። ቴክኒሻኑ በሳቅ እየፈነዳ ሙዚቃውን ለቀቀ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ በጫማቸው ዘው ብለው ገቡ፤ ሕጉን ማንም ሊያስታውሳቸው አልደፈረም። «ማን ነው የመታው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ኮቴ።

«የሰኞው እኔ ነኝ» አለች እሜቴ ቀለበቷን መልሳ እያጠለቀች።

«ጉሮሮው እኔ ነኝ» አለ ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ድምፅ ማጉያ።

ሁሉም ሰዓቱን አዩት። ሰዓቱ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ እሱም አላዳነውም። በመጨረሻ አንድ ጣቱን እንደ ተማሪ አወጣ። «ወንበሩ… እኔ ነኝ።»

«ሁላችሁንም ባባርር ማን ሊቀር ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሟች» አለ ዳኛው።

ከላይ ቤት ስልኩ ሲጮህ ይሰማ ነበር፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አዳመጡት። ፊታቸው እያፈረም ቢሆን ፈታ አለ። «ሰኞ በሰዓታችሁ ኑ» ብለው ወጡ።

ባልና ሚስት የወጡት በመጨረሻ ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ባዶ በቀረው ቦታ፣ የዳኛው ትልልቅ ጫማዎች ተቀምጠዋል፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ድሮው። ኮቴ ቆማ አየቻቸው። ሰውየው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አንዱን ማጥለቅ ጀመረ።

«ሁለተኛዋ ምት ፈጠነች» አላት።

«ፈርቼ ነው።» አጠገቡ ተቀመጠች። «መቼ መጣህ?»

«ቀዩ መብራት ሲበራ እዚሁ ነበርኩ፤ በኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ እየሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን አልገባህም?»

ዳኛው ጫማውን እያየ ተናገረ። «የሰኞዋ እሜቴ እንደሆነች ገና ያኔ አውቄያለሁ፤ የሷ ምት ቀለበት ቀለበት ይላል። የረቡዑ ቴፕ ነው፤ ያ ሲቀዳ ጉንፋን ነበረብኝ። ወንበሬንም የነካው ያ ልጅ እንደሆነ ማን ያጣዋል። በየቀኑ ፎጣው ሥር ጆሮዬን ሰክቼ ነበር የምሰማው። ሁሉም ሲጠሩኝ እኔ ያንቺን ነበር የምጠብቀው።»

ኮቴ «ባልመታ ኖሮስ?» አለችው።

«ጫማዬን አድርጌ እመለስ ነበር። ማንም ሳያየኝ።»

ለዝናብም ለእሳትም ለሞትም ድምፅ የምታወጣው ሴት ለዚህ የሚሆን አንድም አጣች። ወረድ ብላ በርከክ አለችና የጫማውን ክር አሰረችለት፤ እሱም እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ደረጃውን ሲወርዱ ሁለቱም በጫማቸው ስለነበሩ የገዛ እርምጃቸው ይሰማ ነበር።

«ያ ጆንያ እስካሁን አለ?» አለ ዳኛው ግማሽ መንገድ ላይ።

«አለ። ድንቹ ትንሽ አብቅሏል እንጂ።»

ቆም አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮቴ በተረከዟ ደረጃውን ሁለት ጊዜ መታች።

«ይቀቀል» አለ።